የግራሞፎኑን ሆድ ክፈቱት

በሙምባዩ ቾር ባዛርም ሆነ በለንደኑ ፖርቶቤሎ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ቀድሞ ዓይን የሚገባው ግራሞፎን ነው። ጥሩምባው የሚያብረቀርቅ ነሐስ፣ ሳጥኑ ስምንት ማዕዘን ያለው ጠቆር ያለ እንጨት፣ ግንባሩ ላይ ደግሞ ጆሮውን ወደ ጥሩምባ የሰጠ ውሻ ተለጥፎበታል። ሻጩ የመቶ ዓመት ዕድሜ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ አሥርት ዓመታት ህንድ ውስጥ ለቱሪስትና ለሳሎን ማስጌጫ የተገጣጠመ ፎርጅድ ነው። ማኑዌላው ይዞራል፣ ሸክላውም ይዘፍናል፤ የሌለው ዕድሜ ነው።

ሐሰተኛውን ለመለየት የዘመናቱን ቅደም ተከተል ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 መጨረሻ ያሠራው ፎኖግራፍ ድምፅ የሚቀርጸው በሚሽከረከር በርሜል ላይ በተጠቀለለ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት ነበር። ቆይቶ የሰም ሲሊንደር ቦታውን ወሰደ። ኤሚል በርሊነር ደግሞ በ1887 ለግራሞፎን የፈጠራ መብት አመለከተ፤ ዛሬ ሸክላ የምንለው ጠፍጣፋ ዲስክ የመጣው ከእሱ ሥራ ነው። የውሻው ሥዕል ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ሠዓሊው ፍራንሲስ ባሮድ ኒፐር የተባለውን ውሻ መጀመሪያ የሳለው ከሲሊንደር ፎኖግራፍ ፊት ለፊት ነበር፤ በ1899 የለንደኑ ግራሞፎን ኩባንያ ሥዕሉን ሲገዛ ፎኖግራፉን በቀለም ሸፍኖ በቦታው ግራሞፎን ሳለ። እንግዲህ «የ1895 ዕቃ» የተባለ ማሽን ውሻው ተለጥፎበት ከመጣ፣ ወይ ዓመቱ ወይ ምስሉ የኋላ ጭማሪ ነው።

ይህ ስሌት የእኛንም ታሪክ ይነካል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን አስቀርጸው ሲልኩ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 በድምፅ ሲመልሱ፣ መልእክቱ የተቀረጸው በሰም ሲሊንደር ላይ ነው። ትልቅ ጥሩምባ ያለው የሸክላ ማጫወቻ አቅርቦ «ያ መልእክት የተሰማበት ይኼ ነው» የሚል ቢገጥማችሁ መከራከር አያስፈልግም፤ ሲሊንደሩ የሚገባበትን ዘንግ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በ1908 ወደ ጀርመን ተልኮ ዘፈኖቹን ያስቀረጸው ተሰማ እሸቴ ግን የሸክላ ሰው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አሥር ዓመት ገደማ ነው፤ የአንዱን ቅጂ ግን የሌላው ማሽን አያጫውተውም።

ዘመኑ ከገጠመ በኋላ ካቻቢቴ አንሡ። ሻጩ ሳጥኑን ለማስከፈት እምቢ ካለ ይህ ራሱ በቂ መልስ ነው። ከውስጥ የሚገኘው ሞተር ብዙውን ነገር ይናገራል፤ ፎርጅዶቹ ላይ የሚገጠመው ባለ ሞላ ሞተር ብዙ ጊዜ እንደ ሻንጣ ከሚዘጉ፣ በኋለኞቹ ዘመናት ከተሠሩ ተንቀሳቃሽ ግራሞፎኖች የተነቀለ ነው። ሞተሩ አሮጌ ስለሆነ ገዢው ይታለላል። ነገር ግን የተሸከመው ጣውላ ላይ ሥራ የሌላቸው የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ፣ ማኑዌላው የሚገባበት ቀዳዳም ከዘንጉ ጋር ካልተስተካከለ፣ ሞተሩና ሳጥኑ አብረው አልተወለዱም። ብሎኖቹንም እዩ። ባለ መስቀል ብሎን የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው፤ የ1905 ማሽን ላይ ከተገኘ ቢያንስ አንድ ሰው በኋላ ገብቶበታል። በሚሊሜትር የተለካ ብሎን አሜሪካ በተሠራ የዚያ ዘመን ማሽን ላይ ቢገኝም እንዲሁ ያጠራጥራል፤ ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት በኢንች ነበር።

ጥሩምባው የሚታመነው መጨረሻ ላይ ነው። ከዋናዎቹ የአበባ ቅርጽ ጥሩምባዎች አብዛኞቹ ከስስ ብረት ተሠርተው ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ሙሉ በሙሉ ነሐስ ሆኖ እንደ መስታወት ማብራት እንደ ጥርጣሬ ምልክት ይቆጠር። ከጥሩምባው በታች ያለው ክርንም ያጋልጣል። በ1901 የተቋቋመው የኒው ጀርሲው ቪክተር ኩባንያ ብዙ ማሽኖች ላይ የድምፁ ቱቦ ከመርፌው በኩል ቀጥኖ ወደ ጥሩምባው ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ የኋላ መሸከሚያውም ጠንካራ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው። የፎርጅዱ ክርን ግን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይመስላል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው የእጅ ዱካን ነው። የብረት መርፌ ለአንድ የሸክላ ገጽ ካገለገለ በኋላ ይጣል ነበር። ስለዚህ በእውነት የኖረ ማሽን ባለቤቱ መርፌ የሚያጠብቅበትን ትንሿን ብሎን ሺህ ጊዜ አዙሯታል፤ ኒኬሉ በጣት ተበልቶ ከሥር ነሐሱ ይታያል፣ ዙሪያውም መርፌ በሳተ ቁጥር የተጫረ ነው። የማኑዌላው እጀታ፣ የፍሬኑ ምላስ፣ የክዳኑ ጫፍም እንዲሁ ያልቃሉ። እጅ የማይደርስበት ቦታ ግን ደህና ይሆናል። በአሲድ ያረጀ ነሐስ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ሁሉም ቦታ እኩል ጠቁሯል።

ብርቅዬዎቹ ላይ ሲደረስ ፈተናው ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚያ የሚያታልለው የገበያ ፎርጅድ መሆኑ ይቀርና ከሁለት ሦስት እውነተኛ ማሽኖች የተዳቀለ ይሆናል። ሳጥኑ የአንዱ፣ ሞተሩ የሌላው፣ የእንጨት ጥሩምባው ደግሞ አምና የተሠራ። ጥሩምባ፣ ውሻው ያለበት ማኅተምና ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ ለጥገና ተብለው በግልጽ ይሸጣሉ፤ ወንጀሉ እነሱን መግጠም ሳይሆን ገጥሞ መደበቅ ነው። በሰሌዳው ላይ የተዘረዘሩት የፓተንት ቀኖች እዚህ ይጠቅማሉ፤ ማሽኑ ከመጨረሻው ቀን ሊቀድም አይችልም። ሰሌዳው ከተነሣ ደግሞ ከሥሩ ያለው እንጨት ፀሐይ ስላልመታው ቀለሙ ይለያል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የዱሮው የሼላክ ቅብ ብርቱካናማ ያበራል፤ ዘመናዊ ቫርኒሽ እንዲህ አያደርግም። የኤዲሰንን የቆርቆሮ ወረቀት ፎኖግራፍ በተመለከተ ግን ምክሬ አጭር ነው፤ አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ አስመስሎ ሊሠራው ይችላል። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው አትግዙት።

ከአያት የቀረ የሸክላ ማጫወቻ በቤታችሁ ካለ አደራ፣ ሳታስመረምሩት ነሐሱን አታሹት፣ ሳጥኑንም ቫርኒሽ አታስቀቡት። የእውነተኛነቱ ማስረጃ ያ ዱካና ያ ቅብ ነውና አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል፤ የወለቀ ብሎን ካለም በፖስታ አድርጋችሁ ከሳጥኑ ጋር አስቀምጡት።