የፋብሪካ ሥራ መቀነስ፣ የመንግሥት የሥራ ስምሪት ፖሊሲና የትምህርት ድርሻ

በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ በወሰንና በአካባቢው ያለ ወጣት ትምህርቱን ሲፈጽም ከፊቱ የሚጠብቁት የሥራ በሮች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፋብሪካና የግል ሥራ ናቸው። የእነዚህን በሮች ስፋትና ጥበት በየዘመኑ ሲወስን የኖረው በአብዛኛው የመንግሥት ፖሊሲ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ከተወረሱ በኋላ መንግሥት ዋነኛ ቀጣሪ ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም በምደባ ሥራ ያገኙ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ምደባው ቀረ፤ ፋብሪካዎቹም ደረጃ በደረጃ ወደ ግል ይዞታ ተዛወሩ። ቀጥሎ ተስፋ የተጣለው በኢንዱስትሪ ፓርኮች ላይ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የቦሌ ለሚ ፓርክ ሥራ ጀመረ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 60 ሺህ ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ የታቀደው የሐዋሳ ፓርክ ተመረቀ።

የፓርኮቹ ዋና መሠረት አጎዋ በተባለው ሕግ መሠረት ልብስን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ይህ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ታገደ። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ኩባንያም አስቀድሞ በኅዳር ወር የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። በአንድ ገበያ ላይ የቆመ ሥራ ገበያው ሲዘጋ አብሮ እንደሚወድቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ችግሩ ግን በገበያ መዘጋት ብቻ የመጣ አይደለም። ፓርኮቹ ከመስፋፋታቸው በፊት በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለሥራ ባመለከቱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሥራውን ካገኙት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። በአንጻሩ 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሯል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። የፋብሪካው ክፍያ ዝቅተኛነትም የታወቀ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በሐዋሳ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 26 ዶላር ያህል ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ የተከፈተ ሥራና የጸና ሥራ አንድ አይደሉም። ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች በየዓመቱ ስንት ሰው እንደተቀጠረ ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ስንቱ በሥራው ላይ እንዳለና በምን ደመወዝ እንደሚኖር መቁጠር ይገባቸዋል። የመምህራን ድርሻ ደግሞ ተማሪውን ለአንድ የስፌት መኪና ብቻ አለማዘጋጀት ነው። ልኬት፣ ንድፍ ማንበብ፣ ሒሳብ አያያዝና የመሣሪያ ጥገና የተማረ ወጣት አንዱ በር ቢዘጋበት ሌላውን ለማንኳኳት አቅም ይኖረዋል።