ስምን በአንድ ምልክት

ከኢሉባቦር ከተማ ከመቱ ቡና ጭኖ በሚወጣ መኪና ላይ የተደረደሩትን ጆንያዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ በቀለም የተጻፉ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ሊያገኝ ይችላል፤ የባለቤቱና የአባቱ ስም መነሻዎች ናቸው። ቀድሞ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርድና፣ የባሮ ወንዝ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የተፈቀደው አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ነው። በእንዲህ ያለ ጣቢያ የብዙ ነጋዴ ጆንያ በአንድ መጋዘን ሲከማች ባለቤቱን በቶሎ የሚለይ ምልክት ያስፈልጋል።

እነዚህ ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ አሕጽሮት ናቸው። አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ እግር ለእግር ተጋርቶ አንድ ቅርጽ ሲሆኑ ግን ሞኖግራም ይባላሉ። ነገሩ ጥንታዊ ነው። የግሪክ ከተሞች በሳንቲሞቻቸው ላይ ፊደላት አጣምረው ቀርጸዋል፤ የአካይያ ከተሞች ማኅበር ገንዘብ አልፋንና ኪን አስተሳስሮ ይይዛል። የደቡብ ዓረብ ሳባውያንም ከግእዝ ፊደል ጋር በሚዛመደው ጽሕፈታቸው እንዲሁ አድርገዋል። ክርስቲያኖች የክርስቶስን ስም ሁለት የግሪክ ፊደላት ደርበው ምልክት አደረጉ። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ደግሞ ሰነዶቹን የሚያጸናው ስሙን በመስቀል ቅርጽ በሚያሳይ ሞኖግራም ነበር።

በእኛ ዘንድ ሥልጣን የሚታወቀው በማኅተም ነበር፤ በምኒልክ ማኅተም ላይ አንበሳው በሙሉ ጽሑፍ ተከቦ ይታያል። በአሕጽሮት ዝነኛ የሆነው «ቀኃሥ» ነው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤትና ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ሦስት ፊደላት የንጉሡን ስም ከነማዕረግ ቁጥሩ ይይዛሉ።

የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ የተለየ ብርታት አለው ብዬ አምናለሁ። በተነባቢ የሚጀምር ስም የላቲን መነሻ ተነባቢውን ብቻ ይይዛል፤ የእኛ ግን አናባቢውንም አብሮ ያስቀምጣል። ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ያስተዳደሩትን ራስ ተሰማ ናደውን እንውሰድ። በእንግሊዝኛ ቲ እና ኤን ብሎ የሚያልቀው፣ በአማርኛ ተ እና ና ነው። ተስፋዬ ነጋሽ የሚባል ሰው ግን ተ እና ነ ይሆናል። በእንግሊዝኛ አንድ የሆኑት ሁለት ስሞች በፊደላችን ይለያያሉ።

ሌላም ልዩነት አለ። በአውሮፓ የቤተሰብ ስም ስለሚወረስ፣ በአልጋ ልብስና በብር ማንኪያ ላይ የተቀረጸው ፊደል ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም ስለሆነ በየትውልዱ ይለወጣል፤ የተሰማ ልጅ ተ እና ና የሆነውን የአባቱን ጥምር አይወርስም፣ የራሱ መነሻ ከአባቱ ተ ጋር አዲስ ጥምር ይፈጥራል። ሙሽራም ስሟን በባሏ ስም አትቀይርም። ስለዚህ በሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ የምናያቸው ሁለት ፊደላት ሁለት ሰዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ምልክት መሥራት ለሚፈልግ ሠዓሊ ፊደላችን ብዙ ያቀርባል። ተ እና ቀ አንድ ምሰሶ ላይ ስለቆሙ ሊጋሩት ይችላሉ፤ ክቡ የቀ፣ አግዳሚው የተ ይሆናል። በ ደግሞ በሁለት እግሩ መካከል ለሌላ ፊደል ቦታ አለው።