ኃላፊውም የገና ዱላ የሚይዝበት ቀን

ታኅሣሥ ከገባ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «የዘንድሮን ገና እንዴት እናክብር?» ኮሚቴ ይመረጣል፣ መዋጮ ይጻፋል፣ ከዚያ ነገሩ ሁሉ ምግብና መጠጥ ላይ ይቆማል። ሠራተኛው ይበላል፣ ኃላፊው ንግግር ያደርጋል፣ ሙዚቃ ይከፈታል። ጭፈራ የሚወዱት ይጨፍራሉ፣ የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ቢቸና ተወልጄ ሞጣ መዝገብ ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ለበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሲመረጥ ስሜ የማይጠራበት ዓመት ጥቂት ነው። የመሥሪያ ቤት ገና የሚደምቀው በጨዋታ መሆኑን አምናለሁ። ጨዋታውም የሚያምረው ማዕረግ ለጥቂት ሰዓት ከግቢው በር ውጭ ሲቀር ነው።

ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በበዓሉ ስም የሚጠራ ጨዋታ አለን። በቢቸናና በሞጣ ገጠር የታኅሣሥ መጨረሻ እህሉ ከማሳ ተነሥቶ አውድማ የሚገባበት ጊዜ ነው። ሜዳው ይከፈታል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ጠዋት ውርጭ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነው። እረኛውም ጎልማሳውም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ከእንጨት የተጠረበችው ወይም ከቆዳ የተሰፋችው ሩር መሐል ሜዳ ላይ ትቀመጥና ሁለቱ ወገኖች ወደ ተቃራኒያቸው ዳር ለማድረስ ይታገላሉ። በገጠሩ ልማድ የተጫዋች ቁጥር ልክ የለውም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። የላይኛው ሰፈር ከታችኛው፣ የአንዱ ደብር ልጆች ከሌላው ደብር ልጆች ጋር ይገጥማሉ። ከሁሉም በላይ አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ በገና ጨዋታ ላይ ጌታው ቢገፉትም፣ በግጥም ቢሸነቁጡትም መቆጣት የለበትም። ባላባትና ጭሰኛ ተራርቀው በሚኖሩበት ዘመን እንኳ ያ ሜዳ አንድ ቀን እኩል ያደርጋቸው ነበር።

ይህ ዓይነቱ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች፣ ከርክዎል በምትባል ከተማ፣ ሕዝቡ በገናና በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ላይኞችና ታችኞች ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ አንዲት የቆዳ ኳስ ይዞ በየጎዳናው ይተጋተጋል። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ደንብ አውጥቶለት በየዓመቱ ከሚያወዳድርባቸው ስፖርቶች አንዱ አድርጎታል። እንግዲህ ቢሮ ውስጥ ፊኛ ከመንፋትና የገና ዛፍ ላይ መብራት ከማንጠልጠል ባሻገር ግቢያችን ውስጥ ይህን ብንጫወት ምን ይከለክለናል?

እርግጥ የመሥሪያ ቤት ግቢ የቢቸና ሜዳ አይደለም። መስኮት አለ፣ መኪና አለ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አለ። ስለዚህ የእንጨት ሩር አይገባም፤ ልጆች ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሚሠሯት ኳስ ትበቃለች። ዱላው ቀጭንና አጭር ይሁን፣ ከጉልበት በላይ የሚያነሣው ሰው ይውጣ፣ ጨዋታው ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይብለጥ። ቡድን ሲከፈል በሥራ ክፍል አይሁን። ፋይናንስ ለብቻው፣ ግዥ ለብቻው ከተሰለፈ ዓመቱን ሙሉ የነበረው መጎናተል ሜዳ ላይ ይቀጥላል። በዕጣ ይከፈል። ኃላፊው ቡድን መሪ አይሁን፣ ዳኛም አይሁን፤ ዕጣው በጣለው በኩል ይሰለፍ።

እኛ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን፣ በቢሮ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወደ ኃላፊያችን ሮጠች። እሱ ኳሷን በዱላው ጫፍ ይዞ ለማን ላቀብል እያለ ግራ ቀኝ ያያል። ከእግሩ ሥር ነጠቀችው። ዞሮ ሲፈልጋት እሷ ውኃ ታንከሩን አልፋ ዳር ደርሳለች። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ሰኞ ጠዋት ቫውቸር ይዛ ቢሮው ስትገባ ሳታንኳኳ አልገባችም፤ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ከዚያ በፊት እሱ ዘንድ ተቀምጣ ስትነጋገር አይቻት አላውቅም።

በገና ጨዋታ ግጥም አይቀርም፤ በጎጃም ደግሞ ለግጥም ሰው አይታጣም። ለቢቸና ዲማ ጊዮርጊስ ጎረቤት ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ስማቸው በአገር የታወቀ ነው። ቅኔ ቤት ያልገባውም ሰው ነገርን በሁለት ስንኝ መቋጠር ከቤቱ ይማራል። እረፍት ላይ ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ቆመው ግጥም ይወራወሩ። ገደቡ አንድ ነው፤ የሥራ ነገር ይነካ፣ የሰው መልክ፣ ትዳር፣ ዘርና ሃይማኖት አይነካ። አንዱ ጓደኛችን ያወጣው ይህ ነበር፦

ፋይሉን ስፈልገው መዝገብ ቤት ታጣብኝ፣
ኃላፊው ጠረጴዛ ዓመት ከረመብኝ።

ኃላፊውም እየሳቀ ተቀበለው፤ በሳምንቱም ፋይሉ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ። በስብሰባ ላይ ቢነሣ ኖሮ ሁለት ቃለ ጉባኤ ያስጽፍ ነበር።

መሮጥ ለማይችለው እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይላል ሌላው። ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው የተሰጠውን አገር ተቀብሎ እየፎከረ መልሱን ይናገራል። እኛ በአገር ፋንታ ቢሮ አድርገነዋል፤ ያቃተው ሰው ቢሮውን ይሰጣል። ያሸነፈችው ተላላኪ የኃላፊውን ወንበር ወስዳ ተቀምጣ አንድ ትእዛዝ ታዛለች፤ ሁሉም ይፈጽማል። እንቆቅልሾቹ ከሥራ ቦታ ይውጡ። «ካልሳመው ደብዳቤው አይታመንም» ማኅተም ነው። «ጠዋት ሁሉም ይፈርምለታል፣ እሱ ለማንም አይፈርምም» የሰዓት መፈረሚያው መዝገብ ነው። ሠራተኛው ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲያስብበት ቢነገረው የሚመጣው ነገር ያስደንቃል፤ ከሁሉ የረቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ከሚለው ሰው ነው የሚሰማው።

ገበጣና ዳማም አይረሱ። ገበጣ በአገራችን ስንት ዓይነት አጨዋወት እንዳለው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰብስበው አሳይተዋል፤ በፌዴሬሽኑ ውድድር ላይም በ12 እና በ18 ጉድጓድ ይጫወቱታል። ጣውላ ከሌለ መሬት ላይ ይቆፈራል፣ ጠጠርም ሞልቷል። ዳማ ካርቶንና የለስላሳ ቆርኪ ብቻ ይፈልጋል። እነዚህን ጨዋታዎች የምወዳቸው ጥበቃዎቻችን ስለሚያሸንፉባቸው ነው። ሁላችንም «አያ» የምንላቸው የበር ጠባቂያችን በር ላይ ዳማ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። ዲግሪ ያለውን ሁሉ ተራ በተራ አንሥተውታል፤ በዝግጅታችን ቀን ወጣቶቹ ባለሙያዎች ዙሪያቸውን ከበው «አያ፣ ይችን እንዴት አዩዋት?» እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ።

ጨዋታ የሚያስከፋበትም ጊዜ አለ። አንድ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሽልማት ተብሎ የጽዳት ሠራተኛዋ በሁሉ ፊት ብቻዋን እንድትጨፍር ተደረገ። ሌሎቹ ስልክ አውጥተው ቀረጹ። ሽልማቱን ተቀበለች፣ ከዚያ ወጥታ ሄደች፤ በሚቀጥለው ዓመት በዝግጅቱ አልተገኘችም። ሰውን ለብቻው መሐል አቁሞ ሌላው የሚስቅበት ነገር ጨዋታ አይባልም። የወንበር ሽሚያውም ቢሆን ወጣት ለበዛበት ቤት እንጂ ጡረታ ለደረሰ ሰው አይሆንም፤ መውደቅ አለ። ገመድ ጉተታ ግን ሁሉን ያቅፋል፤ ሎሚ በማንኪያ ይዞ መሮጥም ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡት ደስ ይላል።

ቀኑ ትልቅ ነገር ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይውላል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ዋዜማው የነቢያት ጾም ነው። ፈረንጆቹ ገናቸውን በሚያከብሩበት ሰሞን ዝግጅት ከተደረገ ጿሚው ሥጋ ፊት ተቀምጦ ይውላል። ከገና ማግስት እስከ ጥምቀት ዋዜማ ያለው ጊዜ ለፍስክ ይመቻል። እኔ ግን ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት በጾም ምግብ ማድረጉን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ሞጣ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን አይበላም፤ ሥጋ ሲቀርብ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የቢቸና ነጭ ጤፍ እንጀራ ሲቀርብ ግን ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጊዶች በተቃጠሉባት በሞጣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሙስሊም ባልደረቦቻችን የሃይማኖቱ በዓል የእኛ ቢሆንም የጨዋታው ግቢ የሁላችን መሆኑን በአፍ ሳይሆን በትሪው ሊያዩት ይገባል። መጠጡም ቡና፣ ብርዝና ለስላሳ ይሁን።

መዋጮን በሚመለከት፣ ሳይጠይቁ ከደመወዝ መቁረጥ ቅሬታ ያመጣል። የስጦታ ልውውጥ ካለ ስም በዕጣ ይውጣ፣ የዋጋ ጣሪያ ይቀመጥ። እኛ የዕቃውን ነገር ትተነዋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ የደረሰውን ባልደረባ ዓመቱን ሙሉ ካየበት መልካም ሥራ አንዱን ይናገርና ይመርቀዋል፤ ሌላው አሜን ይላል። ባለፈው ጊዜ አንዷ ሾፌራችንን ስትመርቅ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከመንገድ አንሥቶ ጤና ጣቢያ እንዳደረሳት ያን ቀን ነው የሰማነው። እሱ ለማንም አልነገረም ነበር።

አንድ ነገር ላክል፤ ጡረታ የወጡትን ጥሩ። የገናን ደንብ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት፣ ጠማማ ዱላ ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ የሚናገሩት፣ «ይህ ጥፋት ነው፣ ተመለስ!» ሲሉ ኃላፊውንም የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው። ዳኝነቱን ለእነሱ ስጧቸው፤ የተሸነፈው ቡድን ቡና ይቅዳ፣ የመጀመሪያውን ስኒም ጡረተኞቹ ይቅመሱ።