ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ማዶ፦ የፋርማሲ ትምህርትና የወላይታ ታማሚ

በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት ለረጅም ዘመን ያስቀደመው ቅመማን፣ ጥራትንና ክምችትን ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትምህርቱ አምስት ዓመት ሆኖ ተማሪዎች ታማሚ ወደተኛበት ክፍል ሲገቡ፣ መድኃኒቱን ብቻ ማወቅ እንደማይበቃ ታየ። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የፋርማሲ ትምህርት መመዘኛ የታማሚን ባህል ማክበርን ከተመራቂ ከሚጠበቁ ችሎታዎች አንዱ አድርጎታል። ይህ ችሎታ ግን ከንግግር አዳራሽ ይልቅ በመድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት ይፈተናል።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎች ከየክልሉ ተመድበው ይመጣሉ። ከደሴ ወይም ከጅማ የመጣ ተማሪ ኦቶና ሆስፒታል ለልምምድ ሲቆም፣ ከገጠር የመጡት እናት የሚያወሩት ወላይትኛ ነው። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ያስተረጉማል፤ ታዲያ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት በልጅ አፍ እንዴት ይጠየቃል? በአማርኛ የተጻፈ መመሪያም ልጁን ላይረዳው ይችላል፤ ማንበብ የለመደው ወላይትኛን በላቲን ፊደል ነውና። ቋንቋ እዚህ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. "ወጋጎዳ" የተባለው፣ ወላይትኛን ከጎረቤት ቋንቋዎች ጋር የቀየጠ ቋንቋ በመማሪያ መጻሕፍት ሲመጣ ሕዝቡ ለተቃውሞ ወጥቶ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ሰላምታንና የአወሳሰድ ጥያቄዎችን በወላይትኛ መማር የልምምዱ አካል መሆን አለበት እላለሁ።

የሰዓት ጉዳይ ግን የመላ አገሪቱ ነው። "በየ8 ሰዓቱ" የተባለ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብቻ ሊውጥ ይችላል። "ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4" ቢባል ያልቃል።

እምነት ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። አብዛኛው የወላይታ ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው፤ በጸሎት ተፈወስኩ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቆም ታማሚ ያጋጥማል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ተማሪውም በዚያው መንፈስ፣ ሳይገሥጽ፣ "ጸሎትዎን ይቀጥሉ፣ እንክብሉንም አያቋርጡ" ማለትን ይልመድ። የሚጠጡት ቅጠላ ቅጠል ካለም በዚያው አክብሮት ይጠይቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የባለሙያው የራሱ ፍርሃት ነው። ቀዩን አፈር በባዶ እግር በመርገጥ የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ የሚሆነውን ይዞ ተገኝቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ ይተላለፋል ብለው እንደሚፈሩ አሳይቷል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ወደኋላ ሲሸሽ ያየ ታማሚ ተመልሶ ይመጣል? ሕክምናው በሳሙናና በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ መታጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው፤ የየቀን ሥራ ስለሆነ ያለ መተማመን አይዘልቅም። ሶዶ ላይ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የሞሲ ፉት ማኅበር ይህንን ሥራ ራሳቸው ታመው በተሻላቸው ሰዎች ሲያስተምር ቆይቷል። የፋርማሲ ተማሪዎች ከእነዚህ ሰዎች ሥር ተቀምጠው እግር ማጠብን እንዲማሩ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጠበቅ አያስፈልግም።