ስለ ወጣቶች የትጋት ሽልማት

የትምህርቱ ዓመት ሲፈጸም ወላጆች በትምህርት ቤት ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ከየክፍሉ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ልጆችም በየስማቸው እየተጠሩ ይሸለማሉ። ይህ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶም ሆነ በሌላው አገር የተለመደ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ደረጃ የሚገልጠው ማን ማንን እንደ በለጠ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አይገልጥም። ዐይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ወይም ነገር ለመረዳት ብዙ ጊዜ የሚፈልግ ልጅ ከጓደኞቹ ይልቅ ቢደክም እንኳ ስሙ ሳይጠራ ይቀራል። ወላጆቹም ይህን አይተው «ለዚህ ልጅ ትምህርት ምን ይረባዋል» በማለት በሚመጣው ዓመት ከቤት ሊያስቀሩት ይችላሉ። ስለዚህ ከደረጃ ሽልማት ጎን የሚቆም ሌላ ሽልማት መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል።

የዚህ ሽልማት ሐሳብ የመጣው ኩርት ሐን ከሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ፀሐይ መትታው ስለ ነበር ዕድሜውን ሙሉ ብርሃን ይጎዳው ነበር። ሂትለርን በመቃወሙ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 በስኮትላንድ ጎርደንስተን የተባለውን ትምህርት ቤት አቆመ። ተማሪው የነበረው ልዑል ፊሊፕ፣ የኤደንብራ መስፍን፣ በ1956 በማዕርጉ ስም የሚጠራውን የወጣቶች ሽልማት መሠረተ። ሽልማቱ በመጀመሪያ ለወንዶች ብቻ ነበር፤ ከ1958 ጀምሮ ለሴቶችም ተፈቀደ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1966 ተቀበለችው፤ ዛሬ ከ130 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ይሠራበታል።

ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነው። ዕድሜው ከ14 እስከ 24 ዓመት የሆነ ወጣት አራት ነገሮችን ይፈጽማል፤ እነርሱም ለሕዝብ በነጻ ማገልገል፣ ሰውነትን ማጠንከር፣ አንድ ሙያ መማርና ከጓደኞች ጋር ተጉዞ ከቤት ውጭ ማደር ናቸው። ሽልማቱ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ለነሐሱ ቢያንስ 6 ወር መትጋትና የሁለት ቀን ጉዞ፣ ለወርቁ ቢያንስ 12 ወርና የአራት ቀን ጉዞ ያስፈልጋል። ወጣቱ ግቡን ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር ተመካክሮ ይወስናል፤ የሚወዳደረውም ከትናንት ማንነቱ ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አይደለም።

ልዩ ድጋፍ የሚሻ ልጅ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሊሸለም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እግሩ የደከመ ልጅ ጉዞውን በፈረስ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ሊፈጽም ይችላል፤ ፈረስም በምዕራብ ሸዋ እንግዳ ነገር አይደለም። መስማት የተሳናት ልጅ የምልክት ቋንቋን ለክፍል ጓደኞቿ ብታስተምር ይህ አገልግሎት ይሆንላታል። ዓይነ ስውር ተማሪ ብሬይል ማንበብን እንደ ሙያ ሊይዝ ይችላል፤ በዚሁ ዞን በባኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ይገኛልና። ነገር ለመረዳት የሚዘገይ ልጅም ችግኝ ሊያሳድግ ይችላል።

ነገር ግን ከሁለት ስሕተት መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው፣ ለሁሉም አንድ መለኪያ አድርጎ ደካማውን ከመነሻው ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አዝኖለት ያለ ድካም መሸለም ነው፤ ይህ ምጽዋት እንጂ ሽልማት አይደለም፤ ልጁም ያውቀዋል። ትክክለኛው መንገድ የርዳታውን ዐይነት መለወጥ፣ ትጋቱን ግን ሳይቀንሱ መጠየቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የፓራሊምፒክ ውድድር ያየሽ ጌቴና ትዕግሥት ገዛኸኝ በየምድባቸው በ1,500 ሜትር ሩጫ ወርቅ አግኝተዋል። ያየሽ የሮጠችው ከመሪ ሯጭ ጋር ነው፤ ርቀቱ ግን ስለ እርስዋ አንድ ሜትር አላጠረም።

የሽልማቱ ስምና ኒሻን የባለቤቱ ማኅበር ነው፤ ያለ ፈቃድ አይወሰድም። ሐሳቡን ግን ማንኛውም የገጠር ትምህርት ቤት በራሱ ስም ሊሠራበት ይችላል፤ ወጪውም ብዙ አይደለም።

1ኛ፤ መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይክፈት፤ ልጁ ዛሬ ምን ማድረግ እንደሚችል በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ።

2ኛ፤ ግቡን ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ መምህርና ወላጅ ያማክሩት እንጂ አይምረጡለት።

3ኛ፤ በየሳምንቱ የሠራው ይመዝገብ፤ ያልሠራውም አይሰወር።

4ኛ፤ ጉዞ ሲደረግ፣ ለምሳሌ ከአምቦ ወደ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ መንገዱ አስቀድሞ ይታይ፤ ውሃ፣ ማረፊያና ረዳት ይዘጋጅ፤ የወላጅም ፈቃድ ይጠየቅ።

5ኛ፤ የአገር ሽማግሌዎች ደብተሩን አይተው ይመስክሩ፤ የምስክር ወረቀቱም በአፋን ኦሮሞ ወይም ቤተ ሰቡ በሚናገረው በሌላ ቋንቋ ይጻፍ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ እነዚህን ልጆች ማስተማር እንግዲህ የሕግ ግዴታ ነው። ሕግ ግን የትምህርት ቤቱን በር ይከፍታል እንጂ ልጁን በጉባኤ ፊት በስሙ አይጠራውም። ይህ ለመምህሩና ለሽማግሌዎቹ የተተወ ሥራ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ በስድስት ወር ውስጥ አሥር እርምጃ የጨመረ ልጅ አሥሩ እርምጃ ተቈጥሮለት በወላጆቹ ፊት ቢሸለም፣ በሚመጣው መስከረም ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው ምክንያት ያገኛል።