የላሟን ቀን የሚቆጥር ልጅ

ትምህርት ቤቱ ሩቅ ሆኖ ልጁ ገና እቤት የሚውል ከሆነ፣ ቀን መቁጠርን ወላጆቹ ራሳቸው ሊያስተምሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያና እርሳስ ነው።

የወራትን ስም ማስሸምደድ ብቻውን አይበቃም። ልጅ የሚቆጥርለት ነገር ይፈልጋል። ላሟን ኮርማ ያጠቃት ኅዳር 10 ቀን ነው እንበል። ልጁ እዚያ ቀን ላይ ክብ ያድርግ። ላም የምታረግዘው 9 ወር ከ10 ቀን ግድም ነው፤ ጥቂት ቀን ሊያልፍም ይችላል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ቁጥሩ ቀላል ነው። ጣቱን ወደ ታኅሣሥ 10፣ ከዚያ ወደ ጥር 10 እያሻገረ 9 ጊዜ ይቁጠር። ነሐሴ 10 ላይ ይደርሳል። 10 ቀን ሲጨምርበት ነሐሴ 20 ይሆናል። አሁን ደግሞ 2 ወር ወደ ኋላ ይመለስ፤ ሰኔ 20። ላሟ እስከዚያ የምትታለብ ከሆነች ያን ቀን መንጠፍ አለባት። ግቷ ካላረፈ ከወለደች በኋላ ወተቷ ያንሳል።

በመካከል ጳጉሜን ከገባች ግን ይጠንቀቅ። እሷ 5 ቀን ብቻ ናት፤ በየ4 ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ 6 ትሆናለች። እንደ ሙሉ ወር ከቆጠራት ሒሳቡ ይፋለሳል።

ማታ ማታ ያለፈውን ቀን ይሰርዝ። አንዳንዴ መዝለሉ አይቀርም፤ ስለዚህ በገበያ ቀን አብራችሁት ተመልከቱ።

ለሕፃን እኅቱም እንዲሁ ይቁጠርላት። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት 9 ወር ሲሞላት ነው። የተወለደችበትን ቀን አሳዩትና ቀጠሮዋን ራሱ ይፈልግ፤ ከዚያ ከጤና ጣቢያው ካርድ ጋር አስተያዩት።