ከሱባ እስከ ወጨጫ ራስ፤ በመናገሻ ደን ውስጥ የተደረገ ጉዞና ስለ ጥዱ ያስገኘው ጥያቄ

በአዲስ አበባ የምንኖር ተማሪዎች በዕረፍት ቀን ተራራ መውጣት ባሰኘን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምንሄደው ወደ እንጦጦ ነው። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ መንገዱም አያስቸግርም። ነገር ግን እዚያ ከግራና ከቀኝ የሚያጅበን ዛፍ ከሞላ ጎደል ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍም በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራልያ ወደ አገራችን የገባ እንግዳ ነው። የሸዋ ደጋ ባሕር ዛፍ ከመምጣቱ በፊት ምን ዓይነት ደን ለብሶ እንደ ነበረ በዐይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ወደ ወጨጫ ተራራ መሄድ ይኖርበታል። እኛም አራት ተማሪዎች ሆነን በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይህንኑ አደረግን። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንገልጸው በመንገዳችን ያየነውን፣ ያየነውም ነገር ስለ ምን እንደዚያ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም ከጉዞው ይዘነው የተመለስነውን አንድ ጥያቄ ነው።

የቦታው አቀማመጥና ታሪክ

ወጨጫ እሳቱ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈው እሳተ ገሞራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ይገኛል፤ ራሱም ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍ ይላል። የመናገሻ ደን የሚባለው የተራራውን ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ጎን የሸፈነው ደን ነው። ደኑ በዚህ ጎን መገኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የክረምቱን ዝናም የሚያመጣው እርጥብ ነፋስ በብዛት የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ስለ ሆነ፣ ደመናው በመጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ጎን ጋር ነው።

ስለ ደኑ አመጣጥ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ አለ። ይኸውም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ተራራው ተራቁቶ ባዩ ጊዜ፣ በሰሜን ሸዋ ከአንኮበርና ከደብረ ሲና መካከል ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚል ነው። ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ደኑ በዘበኛ እንዲጠበቅ አደረጉ። ይህም የሆነው በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባ በአካባቢዋ ያለውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየጨረሰች በነበረችበት ጊዜ ነው። የዕንጨቱ ዕጦት እጅግ ስለ በረታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። እንግዲህ እንጦጦ ሲራቆት መናገሻ የቀረው በአጋጣሚ ሳይሆን፣ ይጠበቅ ብሎ የወሰነ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ከታች ወደ ላይ

በሰበታ በኩል አድርገን ሱባ ከሚባለው የደኑ ጽሕፈት ቤት በደረስን ጊዜ ፀሓይዋ ገና አልጠነከረችም ነበር። ጉዞው የሚጀመርበት ይህ ቦታ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙ አይለይም፤ 2,400 ሜትር ግድም ነው። ከዚህ እስከ ተራራው ራስ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ አቀበት አለ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከሱባ ተነሥቶ ራሱ ላይ የሚደርስ ሰው በአንድ ጧት 6 ዲግሪ የሚያህል ቅዝቃዜ ያቋርጣል። ዕፀዋቱም እንደ ቅዝቃዜው ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ተራራውን መውጣት አንድን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ እንደ ማንበብ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ጥድ ነው። ከ30 ሜትር በላይ የሚሆኑ፣ ግንዳቸው ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ልጣቸው በቀጭን በቀጭኑ የሚላጥ ጥዶች በሁለቱም ወገን ቆመዋል። አንዱን ሦስት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞክረን አልደረስንም። በመካከላቸው ዝግባና ወይራ አለ። የደኑ ዘበኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ እየመሩን ነበርና የእያንዳንዱን ስም በኦሮምኛ ነገሩን፤ ጥዱ ጋቲራ፣ ዝግባው ቢርቢርሳ፣ ወይራው ኤጄርሳ ይባላል። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘሉ ጉሬዞች አየን፤ በምኒልክ ስም የሚጠራው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጥቁር ድኩላም አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶን ተሰወረ።

ከፍ ባልን መጠን የጥዱ ብዛት እየቀነሰ ኮሶ እየበዛ ይሄዳል። የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው፤ የሴቷ አበባ ወደ ቀይ ሲያደላ የወንዱ ወደ ብጫ ያደላል። አያቶቻችን ለትል መድኀኒት ይጠጡት የነበረው የሴቷን አበባ ነው። በዚህ ከፍታ ጉም ስለሚዘወተር ከየቅርንጫፉ ሕዝቡ የዛፍ ሽበት የሚለው ነገር ተንጠልጥሎ ይታያል። ከዚያ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር ወዲያ፣ ረጃጅም ዛፍ ያበቃና አስታና ብጫ አበባ ያለው አሜጃ ይተካል፤ ከሁሉም በላይ ድንጋይና ሣር ነው።

በዚህ ስፍራ ሁላችንም ማለክለክ ጀምረን ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በወጨጫ ራስ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። እያረፉ መሄድ እንጂ መቸኮል አይረዳም። ራሱ ላይ ስንደርስ በስተምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በስተደቡብ ምዕራብ የበቾ ሜዳ፣ በሩቁም ዝቋላ ታየን። ከወጨጫ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አዋሽ ይገባሉ። ደኑ ለእነዚህ ጅረቶች የሚያደርገው አገልግሎት በጉልሕ የሚታወቀው ዝናም በሌለበት በኅዳር ነው፤ የወደቀው ቅጠል በስብሶ እንደ ስፖንጅ የሆነው ዐፈር የክረምቱን ውሃ ይዞ ቆይቶ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው፣ ከደኑ የሚወጣው ውሃ ጥሩ ሆኖ ይፈስስ ነበር።

ልጅ የሌለው ጥድ

አሁን ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። በመውጣት ላይ ሳለን ከመካከላችን አንዱ፣ ትልልቁን ጥድ ከምንቈጥር ትንንሹን ለምን አንፈልግም አለ። ነገሩ እንደ ጨዋታ ተጀመረ። በጥላው ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ሥር፣ ጎንበስ ብለን ፈለግን፤ የዝግባና የወይራ ችግኝ እንደ ልብ ነበረ፤ የጥድ ግን ለዐይን ጠፋ። በመጨረሻ በደኑ ዳርቻ አጠገብ ብዙ ችግኝ አግኝተን ደስ እያለን በመዝገባችን ጻፍን። ሽማግሌው ዘበኛ ዝም ብለው ሲመለከቱን ቆይተው፣ ልጆቼ፣ ይህ የፈረንጅ ጥድ ነው አሉን። በአቅራቢያው ከተተከለው ከፈረንጅ ጥድ ዘሩን ነፋስ አምጥቶት ኖሯል። የኛው ጥድ በሕፃንነቱ ቅጠሉ እንደ መርፌ እንደሚወጋ በእጃችን አስነክተው አሳዩን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ቅጠል በመጽሐፍ መካከል እያደረቅን ስም መጻፍ ተምረን ነበር፤ ነገር ግን ያ ትምህርት በዚያች ሰዓት አላዳነንም፤ የጻፍነውን ሰረዝነው።

እውነተኛውን የጥድ ችግኝ ያገኘነው ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ፀሓይ በገባችበት ገላጣ ስፍራና በመንገዱ ዳር ነው። ይህም የዕፀዋት ሊቃውንት ስለ ጥድ ጠባይ ከሚሉት ጋር ይስማማል። ጥድ ብርሃን ወዳድ ነው። ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ዘሩን በየስፍራው ይጥሉታል፤ የሚያድገው ግን ፀሓይ ባገኘበት ነው፤ ድፍን ጥላ ባለበት ቢበቅል እንኳ አይጸናም። ዝግባ ግን ጥላን ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ነገር አስደናቂ ነው። ዛሬ በጥላቸው የምንደነቅባቸው እነዚያ ግዙፍ ጥዶች በሕፃንነታቸው እንዲህ ባለ ጥላ ሥር ሊያድጉ አይችሉም ነበር፤ የበቀሉበት ጊዜ ስፍራው ገላጣ ነበረ ማለት ነው።

ስፍራውን ገላጣ ያደረገው ቃጠሎ ሊሆን ይችላል፤ መጥረቢያ ሊሆን ይችላል፤ እርሻም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዛፎቹ ሁኔታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ታሪክ ያረጋግጣል ማለት አንችልም፤ ዛሬ የቆሙት ዛፎችም ያኔ የተተከሉት ናቸው አንልም። ነገር ግን ታሪኩ ተራራው ተራቁቶ ነበር፣ ከዚያም ጥድ በቀለበት ማለቱ ከዛፉ ጠባይ ጋር አይቃረንም። የሽማግሌዎች ቃልና የዕፀዋት ትምህርት በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ማየት ለተማሪ ታላቅ ደስታ ነው።

መጥረቢያና ጉቶ

አንባቢ ምናልባት፣ ጥድ ብርሃን የሚወድ ከሆነ መቈረጡ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል ሊል ይችላል። መልሱ በጉቶው ላይ ይገኛል። ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ በጥቂት ዓመታትም እንደ ገና ለመቈረጥ ይደርሳል። ወይራም ያቈጠቍጣል። ጥድ ግን ከተቈረጠ ጉቶው ይሞታል፤ የሚተካው በዘር ብቻ ነው፤ ዕድገቱም አዝጋሚ ነው። እንግዲህ ሰውና መጥረቢያ በበዙበት ተራራ ላይ የሚያሸንፈው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። የእንጦጦና የመናገሻ ልዩነት በአንድ ቃል ቢጠቀለል፣ የጉቶ ልዩነት ነው ለማለት ይቻላል።

በመመለሻችን ላይ የደረቀ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች አገኘን። ሸክማቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ነበር። እኛ ለመዝናናት የወጣነውን አቀበት እነርሱ ለራት ማብሰያ ይወጡታል። ጥድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለምሰሶና ለአጥር የሚመረጥ ዕንጨት ስለ ሆነ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ ደኑን መጠበቅ ማለት ሰዎቹን መከልከል ብቻ ከሆነ፣ ችግራቸው እስካለ ድረስ ክልከላው አይዘልቅም። በደኑ ውጭ በየመንደሩ ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ቢበዛ ግን እንግዳው ዛፍ ለባላገሩ ዛፍ አጥር ይሆንለታል። ባሕር ዛፍን ብዙ ጊዜ ስንወቅሰው እንሰማለን፤ በተገቢው ስፍራ ሲሆን ግን ጥድን የሚያድን እርሱ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጉዞ በፊት ደን ማለት ሰው ካልነካው ለዘለዓለም እንዳለ የሚኖር ነገር ይመስለን ነበር። አሁን ግን እንዲህ እናምናለን። የመናገሻ ጥድ የቆየው ከመጥረቢያ ስለ ተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ከመጥረቢያ መጠበቁ ብቻውን ልጅ አይሰጠውም። ሽማግሌው ጥድ በወደቀበት ገላጣ ስፍራ ከብት እየገባ ችግኙን የሚረግጠውና የሚበላው ከሆነ፣ ወይም ስፍራውን የፈረንጅ ጥድ ቀድሞ ከያዘው፣ ደኑ ደን እንደ ሆነ ሊቀር ይችላል፤ የጥድ ደን ግን አይሆንም። ስለዚህ እነዚያ ትንንሽ ገላጣ ስፍራዎች ተለይተው ቢታጠሩና የአገሩ ጥድ ችግኝ ቢተከልባቸው ይበጃል እንላለን።

ይህን የምንለው በአንድ ቀን ጉዞ ተመክተን አይደለም። በመጭው ኅዳር ገመድና ችካል ይዘን ወደዚያው እንመለሳለን፤ በጥላውም በገላጣውም እኩል እኩል ስፍራ ለክተን፣ ችግኙን ቈጥረን፣ በየዓመቱ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ ለመመዝገብ አስበናል። እኛ ትምህርታችንን ስንጨርስ መዝገቡን ለሚቀጥሉት ተማሪዎች እናስረክባለን፤ የጥድ ዕድሜ ከተማሪ ዕድሜ እጅግ ይበልጣልና። አብሮን ለመሄድ የሚፈልግ ተማሪም ሆነ መምህር ቢኖር በደስታ እንቀበለዋለን። የምንለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ጠንካራ ጫማ፣ የቀኑን ስንቅ፣ እንደዚሁም የጻፈውን ለመሰረዝ የማያፍር ልብ።